በተነሱበት ሰዓት መድረስ

ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል
የካቲት 14 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእናትነሽ፣

ሰላምና ጤና ካንቺ አይለይ። ያ የበረዶ አገር እንዴት ይዞሻል? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን በሕይወት አለሁ፤ አልፎ አልፎ ያስለኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

የምጽፍልሽ ሠረቀብርሃን ነኝ፤ የአክስትሽ ልጅ የየዓለምወርቅ ባለቤት። በሠርጋችን ቀን አበባ ይዘሽ ከፊታችን የሄድሽው ልጅ አንቺ ነሽ። ፎቶው ላይ አንዱ ጫማሽ ወልቆ ይታያል። ከዚያ ወዲህ አልተያየንም። ባለፈው ሐምሌ የዓለምወርቅ ስታርፍ የላክሽው የማጽናኛ ቃል ደርሶኝ ነበር፤ ሳልመልስልሽ ሰባት ወር አለፈ። ይቅር በይኝ።

በስልክ ላይ ፊደል መልቀም አልሆነልኝም። ስለዚህ ይሄን በወረቀት ጽፌ፣ ሀቢሶ የሚባል ሶዌቶ ውስጥ ሱቅ ያለው ወዳጄ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ላያነብ ቃል ገብቶልኛል። ጴንጤ ስለሆንኩ አልዋሽም ይላል፤ የሚለው ራሱ ነው እንግዲህ።

የመጣሁበት ጉዳይ ጥያቄ ነው። ከእናንተ ከሄልሲንኪ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ስቶክሆልሙ አርላንዳ ድረስ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? አውሮፕላኑስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?

ይሄ ሰውዬ ምን ነካው ትይ ይሆናል። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልኩን ሳላውቅ መቀስ አላነሳም። ሥራው ቀዝቅዞ የምውለው ብቻዬን ነው። ልጄ ፀገነት እዚህ ትምህርት ቤት ሳለች የተማረችበት አትላስ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ስለነበር አውርጄ፣ ሜትሬን ዘርግቼ መለካት ጀመርኩ። ከሄልሲንኪ እስከ ስቶክሆልም ሁለት ሴንቲ ሆነ። የኮት ቁልፍ ቀዳዳ ማለት ነው። ከጆሃንስበርግ ልለካ ስል ግን ሜትሩ ከገጹ ወጣ። አፍሪካ ሌላ ገጽ ላይ ናት፣ አውሮፓ ሌላ ገጽ ላይ። የሁለቱ ገጾች ልክ ደግሞ አንድ አይደለም፤ አንዱ በሕፃን ልክ፣ አንዱ በጎልማሳ ልክ የተቆረጠ ነው። ወረቀቱን ማመን ተውኩና ሰው ልጠይቅ አልኩ።

ፀገነት ስቶክሆልም እንዳለች ታውቂያለሽ።

እግዚአብሔር ከዚህ ከኮሮና በሽታ ይከልልሽ። ጊዜ ሲኖርሽ ብቻ መልሺልኝ።

ሠረቀብርሃን


ሄልሲንኪ
መጋቢት 9 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ሠረቀብርሃን፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። የምሠራው የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ስለሆነ ክትባቱን ቀድመው ሰጥተውኛል። እንደ እርስዎ እኔም በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቻለሁ፤ የእጅ ጽሑፌን አይዩብኝ።

በጠየቁኝ መሠረት፣ በአየር አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ገደማ ይበራል። መርከብም አለ፤ ማታ ተነስቶ ሲነጋ ይደርሳል።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። የስዊድን ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ከዚህ የሚነሳው አውሮፕላን እዚያ የሚደርሰው በተነሳበት ሰዓት ነው። ትኬቱ ላይ የመነሻውና የመድረሻው ሰዓት አንድ ዓይነት ሆኖ ሲታይ የማተሚያ ስህተት ይመስላል። ሲመለስ ደግሞ ያው የአንድ ሰዓት በረራ ሁለት ሰዓት ሆኖ ይጻፋል።

በደብዳቤዎ ስለ ሜትርና ስለ ገጽ ብዙ ብለዋል፤ ስለ ፀገነት ግን አንድ መስመር። ደህና ናት ወይ ብለው እንኳ አልጠየቁኝም።

አክባሪዎ
እናትነሽ


ጆሃንስበርግ
መጋቢት 14 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእናትነሽ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት።

አራት መቶ ኪሎ ሜትር ከዚህ እስከ ብሎምፎንቴን ከተማ ማለት ነው። በልጅነቴ ከአዲስ አበባ ደሴ ያን ያህል መንገድ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዤ፣ ስወርድ ጉልበቴ አልዘረጋ ብሎኝ ሰው ደግፎኛል። እናንተ ዘንድ ሰው ቀበቶውን አስሮ ሳይፈታ ይደርሳል።

ያቺ የሰዓት ነገር ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ለሀቢሶ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነማ ዝም ብሎ ወደዚያ መብረር ነው! አናረጅም» አለኝ።

«ዞረህ ስትመጣስ?»

«ማን ይመለሳል! ሱቄን እዚያው እከፍታለሁ።»

«ስትመለስ ሁለት ሰዓት ያስከፍሉሃል እኮ።»

እንደዚህ አገር ሰው ተንፍሶ «ኤይሽ፣ በል ተወው፤ ከነሽበቴ እዚሁ ልቀመጥ» አለ።

እኔ ግን ተሳፋሪዎቹን ነው የማስበው። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ አንዱ ያንቀላፋል፣ አንዱ ይበላል፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ ምናልባት አንዱ ይጸልያል። ሲወርዱ ሰዓቱ «ምንም አልሆነም፣ ገና አሁን ነው የተነሳችሁት» ይላቸዋል። ሰው የኖረባት፣ ሰዓቱ ግን ያልቆጠራት ሰዓት። እግዚአብሔር ይቆጥራታል? ይቆጥራታል እላለሁ። ቢሆንም ከተቆጠረብኝ ጊዜ ውስጥ እንደሷ ያለች አንዲት ሰዓት ብትሰጠኝ ምን አደርግባት ነበር እያልኩ ሳስብ እውላለሁ።

ስለ ፀገነት ያልጠየቅኩሽ አፌ አልደፍር ብሎ ነው። ስምንት ወር ሆነ ካናገረችኝ። እናቷ በተቀበረች ዕለት አንድ መልእክት ላከችልኝ፦ «አባዬ፣ እንዴት እንዲህ ታደርገኛለህ?» ከዚያ በኋላ ዝም። ሁለቴ ደወልኩ፣ አላነሳችም። ለሦስተኛው ድፍረት አጣሁ።

ያደረግኩትን አውቃለሁ። ሁሉ ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠበት ወቅት እኔ የአፍ መሸፈኛ እሰፋ ነበር። አንድ ሰው ሱሪ ላሳጥር ብሎ መጣ። ሲያስል ሰማሁት። ከሩቅ በእግሩ መጥቶ ስለነበር ውጣ ማለት አሳፈረኝና ወገቡን ለካሁት። በአምስተኛው ቀን እኔ ወደቅኩ፣ ቀጥሎ የዓለምወርቅ። እኔ ተነሳሁ፤ እሷ አልተነሳችም። በሽታውን ወደ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ልጄ ያለችው ይሄንን ነው፤ እውነቷን ነው፤ እውነት ለተናገረች ልጅ ምን ብዬ እመልሳለሁ?

አንቺና እሷ ግን የቁልፍ ቀዳዳ ያህል ነው የምትራራቁት። ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቸር ያሰማኝ።

ሠረቀብርሃን


ሄልሲንኪ
ግንቦት 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ሠረቀ፣

ቢዘገይም እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ። ሁለት ወር ዝም ያልኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

ፀገነትና እኔ በስልክ እንገናኛለን፤ ከቀብሩ በኋላ ጀምሮ። የእርስዎ ደብዳቤ ሲመጣ ላንብብልሽ አልኳት፣ «አልሰማም» አለች። እሷ የነገረችኝንም ለእርስዎ እንዳልነግር አስማለችኝ። እኔም የሰማሁትን ብቻ ይዤ ፈርጄብዎት ነበር። የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ቅዝቃዜ ሳያዩት አልቀሩም።

የመጋቢቱ ደብዳቤዎ ግን አስደነገጠኝ። እርስዎ ተቀየመችብኝ የሚሉት በሽታውን ስላስገቡ ነው። ጋሼ፣ ስለ በሽታው አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። የምትሠራው እኮ አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት ስንቱን አዛውንት እጁን ይዛ ሸኘች መሰለዎ። በሽታው በማን እጅ እንደሚገባ ማንም እንደማያውቅ ከሁላችንም በላይ የምታውቅ እሷ ናት። ቅያሜዋ ሌላ ነው።

መሐላዬን ሳልሰብር አንዲት ነገር ልጠይቅዎ። ቀብሩን በምስል ሊያሳዩበት ቃል የገቡላት ስልክ በዕለቱ ተከፍቶ ነበር? እንደ ንስሐ አባትዎ ቆጥረውኝ እውነቱን ይንገሩኝ።

እናትነሽ


ጆሃንስበርግ
ግንቦት 15 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእናትነሽ፣

እግዚአብሔር ስለ ግልጽነትሽ ይባርክሽ። እውነቱ ይኸውልሽ።

የዓለምወርቅ ያረፈችው ሐምሌ 7፣ በሥላሴ ዕለት ነው። የተቀበረችው ሐምሌ 9 ነው። መቃብሩ ቦታ የተሰጠን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ከኋላችን ሌላ ቤተሰብ ተሰልፎ ነበር። ሳጥኑን የያዙት ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ የለበሱ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ለፀገነት በነገርኳት ሰዓት፣ በደቂቃው፣ ሀቢሶ ስልኩን ከፍቶ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ደወለላት። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳችም። ቄሱ ፍትሐቱን አቁመው «ልጅቷ ገባች?» ይላሉ። «ገና ናት፣ አባ» ይላል። እንደገና «አሁንስ?» ይላሉ። የመቃብሩ ተቆጣጣሪ መጥቶ የእጅ ሰዓቱን አሳየኝ። ሌላ ምን አደርጋለሁ፣ አፈሩ ተመለሰ።

ልቧ አልችል ብሏት ነው አልኩ። የዚያኑ ዕለት አሥር ሰዓት ላይ ለሀቢሶ ደወለችለት። እኔ መድኃኒት ወስጄ ተኝቼ ነበር። «ተፈጽሟል እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲላት ጆሮው ላይ ዘጋችው። ያቺ መልእክት የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

ለምን አልተገኘሽም ብዬ አልጠየቅኳትም። በሐዘኗ ላይ ወቀሳ መጨመር መሰለኝ። የአገሮቹ ሰዓት ተለያይቶ ይሆን ብዬ ደግሞ አንቺ ስለ አውሮፕላኑ ከጻፍሽልኝ በኋላ አጣራሁ። በሐምሌ ስቶክሆልምና ጆሃንስበርግ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ የእናንተ ብቻ ነው አንድ ሰዓት የሚቀድመው። ስለዚህ እሱም አይደለም።

አሁን ከመጀመሪያው ጀምሮ በሆዴ የነበረውን ልናገር። ስለ ኪሎ ሜትሩ የጠየቅኩሽ ለዚህ ነው። ሐምሌ 7 የዓለምወርቅ ሙት ዓመት ነው። እኔ እዚህ ጸሎት አደርጋለሁ። ልጄ ግን በዚያች ቀን ብቻዋን እንድትሆን አልፈልግም። የእናቷ ወገን የሆነ ሰው አጠገቧ ይቀመጥ። አስታርቂኝ አልልሽም፤ ስሜን አታንሺ። አንዲት ሰዓት ናት፣ ያውም የማትቆጠር። ሂጂላት።

ሠረቀብርሃን


ሄልሲንኪ
ሰኔ 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

ጤናዎን ያብዛልዎ። እሄዳለሁ።

አንድ ወር የፈጀብኝ ለምን እንደሆነ ብነግርዎ ይስቁብኛል። አውሮፕላን እፈራለሁ። ወደዚህ አገር ያመጣኝ አውሮፕላን ሲናወጥ ካየሁ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት አልተሳፈርኩም። ስለ በረራው ያን ሁሉ የጻፍኩልዎ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቼ ነው፤ እኔስ የማውቀው መርከቡን ነው። አሁን ግን የሰጡኝ ዕረፍት ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ መርከቡ አያደርሰኝም።

ፀገነት መሐላዬን ራሷ አነሳችልኝ፤ ደብዳቤዎን አነበብኩላት። «ስልኩ ተከፍቶ ነበር ይላል» ስላት ጮኸችብኝ። «በነገረኝ ሰዓት ነው የደወልኩት! ሻማ አብርቼ፣ ጥቁር ለብሼ፣ በደቂቃው! እማዬን ቀብረው ጨርሰዋል!» ከዚያ በፊት የደወላችሁትን ያየችው በኋላ ነው። ሥራ ቦታ ስልክ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ ፈቃድ የወሰደችው ለነገሯት ሰዓት ነበር። የምታምነው እንዲህ ነው፦ አባቴ አልቅሼ ሥርዓቱን እንዳልረብሽ ብሎ፣ አውቆ ከቀብሩ አስቀረኝ።

ጋሼ፣ እርስዎ በነገሯት ሰዓት ከፈቱ። እሷም በነገሯት ሰዓት ደወለች። ሁለታችሁንም አውቃችኋለሁ፣ አትዋሹም። ታዲያ ምን ተፈጠረ? ሳስበው ራሴን ያመኛል።

ትኬቱን ቆርጫለሁ። ሐምሌ 6፣ ማክሰኞ፣ 9:20 ከሄልሲንኪ ተነስቼ 9:20 አርላንዳ እገባለሁ። እንግዲህ ከ9:20 እስከ 9:20 ድረስ ጸሎትዎ አይለየኝ። ቀልዴን አይደለም፣ እጄ ከአሁኑ ያልበኛል።

ልጅዎ
እናትነሽ


ጆሃንስበርግ
ሐምሌ 6 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ አመሻሽ ላይ

እናትነሽ እህቴ፣

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥሬያለሁ፣ ይቅር በይኝ።

ከተማው እንደምትሰሚው ነው። ሱቅ ይሰበራል፣ ይዘረፋል። ሀቢሶ በሩን ቆልፎ ከትናንት ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ስብሰባ ስለተከለከለ ተዘግቷል። እኔ የመጣው ይምጣ ብዬ አደራሽን ልወጣ ተነሳሁ። የእናንተ ሰዓት ከእኛ በአንድ እንደሚቀድም አውቃለሁና ስሌቴን ሠራሁ፤ አንቺ ስትነሺ እዚህ ስምንት ከሃያ ነው፣ ስትደርሺ ዘጠኝ ከሃያ። ከምሳ በኋላ፣ በስምንት ከሃያ፣ ሻማ አብርቼ ቆምኩ። ውዳሴ ማርያሙን ጨርሼ መዝሙረ ዳዊት ጀመርኩ። እግሬ ሲዝል ተንበረከክኩ። ዘጠኝ ሊሆን ሲል ሀቢሶ ገባ።

«ጋሼ፣ ምን ሆንክ? ወለሉ ይበርዳል እኮ፣ ተነሳ።»

«ዝም በል፣ እናትነሽ አየር ላይ ናት።»

«የቷ እናትነሽ? እሷማ ጠዋት ገብታለች። ካንተ ልጅ ጋር የተነሳችውን ፎቶ ልካልኛለች፤ ተኝተህ ነው ብዬ እንጂ...»

«ዘጠኝ ከሃያ አላለችም?»

«የፈረንጅ ዘጠኝ ነዋ፣ ጋሼ! ጠዋት ሦስት ሰዓት! አንተ ሻይህን ስትጠጣ እሷ አርፋለች። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ አገር ኖረህ...» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

እኔም ልስቅ ነበር። ሌላ ሰዓት ግን ትዝ አለኝ።

«ሀቢሶ» አልኩት፤ «ባለፈው ዓመት በስልክህ ለፀገነት ያስጻፍኩህ መልእክት አለ?»

ሳቁ ቆመ። ብዙ ፈለገ። አገኘው። «የእናትሽ ቀብር ነገ በ4 ሰዓት ነው። ሀቢሶ በስልክ ያሳይሻል። አይዞሽ ልጄ።»

አራት ሰዓት። እኔና ሀቢሶ ረፋድ ላይ ማለታችን ነው። በሰባት ዓመቷ ከአገር የወጣች፣ እዚህ የፈረንጅ ትምህርት ቤት አድጋ ስዊድን የምትሠራ ልጅ አራት ሲሏት የምታውቀው ሌላ አራት ነው። እኛ አሥር ሰዓት የምንለውን። አሥር ሰዓት ላይ ደወለች ብዬ በገዛ እጄ ጽፌልሽ ነበር፣ እናትነሽ! በደቂቃው ደውላለች። ልጄ አልዘገየችም።

ሀቢሶ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ያልኩህ እኔ ነኝ» አልኩት።

በዚህ ቤት ሰዓት የምትናገረው የዓለምወርቅ ነበረች። እኔ ደንበኛ የምቀጥረው በቀን እንጂ በሰዓት አይደለም፤ ሰዓቱን ጽፋ ልብሱ ላይ የምትሰካው እሷ ናት። ፀገነትን ስትቀጥር ሁልጊዜ ከኋላ አንዲት ቃል ትጨምር ነበር፦ «በፈረንጅ።» በስድስት በፈረንጅ ደውዪ። በዘጠኝ በፈረንጅ እንጠብቅሻለን። ቃሏ ከመለመዱ የተነሳ ጆሮዬ አይሰማውም ነበር። ያን ቀን እኮ የምንቀብረው ያቺን ቃል የምትጨምረውን ሰው ነው። ማን ይጨምርልን?

አንድ ዓመት ሙሉ ኃጢአቴን እየፈለግኩ ያንን የሚያስለውን ሰውዬ ሳስብ ኖርኩ። በእርሱ አሁንም አዝናለሁ፤ ያ ለብቻው ይቆይ። ልጄን ያሳጣኝ ግን እሱ አልነበረም። ለምን አልመጣሽም ብዬ አንድ ጊዜ ብጠይቃት ኖሮ በዚያው ቀን ይገለጥ ነበር። ላለመውቀስ ብዬ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን ፍቅር ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አሁን ሳየው ግማሹ ፍርሃት ነው። የሁለት አገር አውሮፕላን ማረፊያ ምን ያህል ይራራቃል ብሎ ባሕር ማዶ የጠየቀ ሰው፣ ለገዛ ልጁ አንዲት ጥያቄ አጣ።

ስሜን አታንሺ ብዬሽ ነበር። አንሺው። ይሄንን ወረቀት እንዳለ አንብቢላት። ይቅር በይው አትበያት፤ ሰዓቱን ብቻ ንገሪያት።

ስድስት ሰዓት ዘግይቼ የጸለይኩልሽ ጸሎት ምን እንደሚሆን አላውቅም። አንቺ በሰላም ገብተሻል፤ ምናልባት ላይ ቤት አስቀድሞ ተሰምቶ ይሆናል። ይሄም ያስገርመኛል።

ሠረቀብርሃን


ስቶክሆልም
ሐምሌ 8 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

ከተማችሁን እግዚአብሔር ያረጋጋው። ሀቢሶንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ሱቁን ይጠብቅለት።

ጸሎትዎ ደርሷል። ከኋላ ይምጣ ከፊት እኔም አላውቅም። አውሮፕላኑ ሲነሳ ዓይኔን ጨፍኜ ከጎኔ ያሉትን አሮጊት እጅ ጨብጬ ኖሯል። ሳልለቃቸው ወረድን። ሴትዮዋ ሲሰናበቱኝ የእጅ ሰዓታቸውን እያስተካከሉ የሆነ ነገር አሉኝ፤ «ይኸው፣ አንዲት ደቂቃም አልፈራሽም» ማለታቸው ነው።

ደብዳቤዎ የደረሰን ማክሰኞ ማታ ነው፤ ያነበብኩላት ግን ትናንት፣ በሙት ዓመቱ፣ ጸሎት አድርሰን ከጨረስን በኋላ ነው። «አራት ሰዓት» የሚለው ላይ ስደርስ «ቆይ» አለችኝ። ስልኳን አወጣች። መልእክቱ አለ፣ አልሰረዘችውም። ከዚያ እናቷ በልጅነቷ እንዳስተማረቻት በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ ስድስት ጣት ቀንሳ፣ ስድስት ጣት ጨምራ። ሦስት ጊዜ ቆጠረች። «እትዬ እናትነሽ» አለችኝ፣ «አባዬ እኮ እየጠበቀኝ ነበር።» ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። እኔም የትኬቱን ሰዓት ስጽፍልዎ «በፈረንጅ» ማለት መርሳቴ ትዝ አለኝ። ደግ አደረግኩ!

ከዚህ በታች ያለው የእሷ እጅ ነው። ፊደሏን አይታዘቡ፤ ስትጽፍ ምላሷን አውጥታ ነው።

እናትነሽ

አባዬ፣ ቅዳሜ በ4 ሰዓት እደውላለሁ። የትኛው 4 እንደሆነ አልነግርህም። ፀገነት


ጆሃንስበርግ
ሐምሌ 10 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ለእህቴ ለእናትነሽ፣

ወደ ቤትሽ በሰላም ገብተሽ ይሆናል። ስትመለሺ ሁለት ሰዓት እንዳስቆጠሩብሽ አውቃለሁ፤ አንዷን በእኔ ላይ አድርጊያት።

ረፋድ ላይ፣ በእኛ አራት ሰዓት፣ ስልኩን የስፌት መኪናው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ሀቢሶ «ይሄኛው ባይሆን ቅር እንዳይልህ፣ ጋሼ፣ ገና ሌላ አለ» ሲለኝ ጠራ። ፀገነት ናት። ከስታለች። «ይሄ ያንተ ነው» አለችኝ። «ያን ቀን በዚህ ሰዓት የሆነውን ንገረኝ።» ነገርኳት። ሳጥኑ ምን ዓይነት እንደነበር፣ ቄሱ ስንት ጊዜ እንደጠበቋት፣ ነፋስ እንደነበረ፣ አፈሩ ቀይ መሆኑን። እናቷን በየትኛው ነጠላ እንደሸፈንኳት ጠየቀችኝ። ጠርዙን የሰፋሁላትን አልኳት።

አሥር ሰዓት ላይ እንደገና ጠራ። «ይሄ ደግሞ የእኔ ነው» አለች። አሁን ነጋሪዋ እሷ ናት። ሻማው የት እንደነበረ፣ የሥራ ጓደኛዋ ጥቁር ሹራብ እንዳዋሰቻት፣ ሀቢሶ «ተፈጽሟል» ሲላት በመስኮቱ ታየው የነበረውን። ዝም ብዬ ሰማሁ። እናትነሽ፣ ዝም ብሎ መስማትና ዝም ማለት እንደሚለያዩ በስድሳ ሁለት ዓመቴ ዛሬ አየሁ።

ልንሰነባበት ስንል፣ «ነገስ በስንት ሰዓት ትደውያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። መጠየቅ ጀምሬያለሁ።

«በአራት» አለች።

ከዚያ፣ በእናቷ ድምፅ፣ «በፈረንጅ» አለችኝ።

ሠረቀብርሃን